«የክላፕተን ዘፈን አይደለም እንዴ?» ስለ አልበርት ኪንግ አልበም በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን» የአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስትና ዘፋኝ የአልበርት ኪንግ አልበም ነው። ርዕሱ በክፉ ኮከብ መወለድን ይናገራል። ሜምፊስ የነበረው የሙዚቃ ኩባንያ ስታክስ በ1967 አወጣው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። የ2013ቱ ዳግም እትም ድምፁ ታድሶለት፣ ከዚያ በፊት ያልወጡ አምስት ቅጂዎች ተጨምረውለት መጣ። አዲስ አድማጭም አመጣ። አዲስ አድማጭ ሲመጣ ደግሞ አስተያየቱም ወሬውም አብሮ ይመጣል።

ከሚባለው ውስጥ እውነት ያለበት አለ። ከሌላ ሰው ዘፈን ጋር የተምታታም አለ። አብዛኛው ግን ስለ ሰውዬው ከተሰማ ዝና የተቀዳ እንጂ ከአልበሙ የተሰማ አይደለም። አልበሙ ራሱ 35 ደቂቃ ገደማ ነው። ቁጭ ብሎ ለሰማው ሰው ብዙውን ጥያቄ ይመልሳል።

«ዘፈኑ የክላፕተን ነው»

አይደለም። ክሬም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን በ1968 «ዊልስ ኦፍ ፋየር» በተሰኘው አልበሙ ላይ ተጫወተው። ኤሪክ ክላፕተን የባንዱ ጊታሪስት ነበር። የሮክ አድማጭ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማው ከነሱ ስለሆነ የነሱ መሰለው። የኪንግ ቅጂ ግን አንድ ዓመት ይቀድማል። ደግሞስ በክሬም ቅጂ ላይ የሚዘፍነው ክላፕተን እንኳ አይደለም። ባሲስቱ ጃክ ብሩስ ነው።

ክላፕተን ከኪንግ የወሰደው በዚህ አያበቃም። ክሬም በ1967 ባወጣው «ስትሬንጅ ብሩ» ላይ ያለው የጊታር ሶሎ የኪንግን አጨዋወት ቁልጭ አድርጎ የቀዳ ነው። ከዚሁ ከኪንግ አልበም «ዘ ሃንተር» የተባለውን ዘፈን ደግሞ ፍሪ የተባለው ሌላ የእንግሊዝ ባንድ ወስዶ ተጫውቶታል። ስለዚህ «ይሄ ሰውዬ የሮክ ጊታሪስቶችን ይመስላል» የሚል አስተያየት ስትሰሙ ተራውን አገላብጡት።

«የራሱን የሕይወት ታሪክ ነው የጻፈው»

ይሄ የሚያሳስት ነገር አለው። ኪንግ ሲዘፍነው ከራሱ ሆድ የወጣ ነው የሚመስለው። የሰውዬው ታሪክም ለጥርጣሬ ያመቻል። ሚሲሲፒ ተወለደ፣ አርካንሳው ውስጥ ጥጥ እየለቀመ አደገ፣ ሙዚቃ እንጀራ እስኪሆነው ድረስ ቡልዶዘር እየነዳ ኖረ።

ግጥሙ ግን የዊልያም ቤል ነው። ቤል ራሱ የስታክስ ዘፋኝ ነበር። ሙዚቃውን የሠራው ቡከር ቲ ጆንስ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የኮከብ ቆጠራ ነገር ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ቤልም ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው። (እኛ ዘንድ አወደ ነገሥት የሚያስገልጥ ዘመድ ያለው ሰው ርዕሱን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) «ዘ ሃንተር»ም ቢሆን ስቱዲዮው ውስጥ የሚሠሩት ሙዚቀኞች የጻፉት ነው። ኪንግ በዚህ አልበም ላይ በዋናነት ተጫዋችና ዘፋኝ ነው። ይህ አያሳንሰውም። የሌላ ሰው ግጥም የራስ ማስመሰል ከባድ ሥራ ነው።

«የቢ ቢ ኪንግ ወንድም ነው»

ቢ ቢ ኪንግ ሌላው ዝነኛ የብሉዝ ጊታሪስት ነው። ወሬውን ያስነሳው አልበርት ራሱ ነው። የቢ ቢ የአባት ወንድም ልጅ እንኳ ሳይሆን፣ በአባት የሚገናኝ ግማሽ ወንድሙ ነኝ ይል ነበር። የቢ ቢ አባት ስም አልበርት ኪንግ መሆኑ ደግሞ ወሬውን አጣፈጠው። የቢ ቢ ጊታር «ሉሲል» ትባል ነበር፣ የአልበርት «ሉሲ»። የአልበርት ትክክለኛ የቤተሰብ ስም ግን ኔልሰን ነው፣ ቢ ቢም የሥጋ ዝምድናውን አልተቀበለም። ሦስተኛው የብሉዝ ጊታሪስት ኪንግ፣ ፍሬዲ፣ ከሁለቱም ጋር አይዛመድም።

«ግራኝ ስለሆነ የግራኝ ጊታር ይጫወታል»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የአልበሙ ድምፅ ምስጢር ግማሹ ያለው እዚህ ነው።

ኪንግ ግራኝ ነው፣ እውነት። ግራኝ ጊታሪስቶች ብዙ ጊዜ ጊታሩን ይገለብጡና ክሮቹን እንደገና በቅደም ተከተል ያስራሉ፤ ጂሚ ሄንድሪክስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ኪንግ ግን ለቀኝ እጅ የታሰሩትን ክሮች ሳይነካ ገልብጦ ብቻ ያዘው። በዚህ ምክንያት ወፍራሞቹ ክሮች ወደ መሬት፣ ቀጭኖቹ ወደ ፊቱ ሆኑ።

ይሄ ምን ይለውጣል? ብዙውን ነገር። የብሉዝ ጊታር ነፍሱ ክር መሳብ ነው። ክሩን ከቦታው ጎትተህ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለህ። ሌላው ጊታሪስት ቀጭኑን ክር ወደ ላይ ይገፋዋል። ኪንግ ወደ ታች ይጎትተዋል። ወደ ታች ሲጎተት የእጅ ሙሉ ጉልበት ይገባበታል። ሰውዬው ደግሞ ግዙፍ ነበር፣ መዳፉም እንዲሁ። በዚያ ላይ ጊታሩን ከመደበኛው ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። ክሩ ሲላላ ሩቅ ድረስ ይሳባል። መምቻም አልያዘም፣ በአውራ ጣቱ ነበር የሚመታው። ስለዚህ ድምፁ ሲጀምር አይቆርጥም፣ ወፈር ብሎ ነው የሚወጣው።

ውጤቱን «ኦ፣ ፕሪቲ ዉማን» ላይ አዳምጡት። አንድ ድምፅ ይነሳል፣ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ጣቱ ግን ከአንድ ቦታ አልተነሳም። ብዙ የተማሩ ጊታሪስቶች ይህን ለመቅዳት ሲታገሉ የኖሩት በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚገፉ ነው።

ጊታሩ ራሱ ጊብሰን ፍላይንግ ቪ ነው፣ በቀስት ጫፍ ቅርፅ የተሠራው። ዛሬ የሄቪ ሜታል ምልክት ስለሆነ፣ ፎቶውን ያየ ሰው ሜታል ይጠብቃል። ሞዴሉ ግን የወጣው በ1958 ነው፣ ሄቪ ሜታል የሚባል ነገር ሳይኖር።

«ኤሌክትሪክ ብሉዝ ማለት ፈጣንና ጯሂ ጊታር ነው፤ ይሄ ሰውዬ ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ይደጋግማል»

ሁለተኛው ግማሽ ትክክል ነው። ይደጋግማል። ጥቂት ሐረጎች አሉት፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን ይዟቸው ይዞራል። ይህን የሚክድ አድናቂ ካለ አልሰማውም ማለት ነው።

ግን ስህተቱ መለኪያው ላይ ነው። በኋላ የመጡትን ጊታሪስቶች፣ በተለይ ስቲቪ ሬይ ቮንን ሰምቶ የመጣ አድማጭ፣ በሰከንድ የሚወጣውን ድምፅ ይቆጥራል። ቮን ራሱ ከኪንግ ነው የተማረው፤ ሁለቱ በ1983 ካናዳ ውስጥ ለቴሌቪዥን አብረው ተጫውተዋል፣ ቅጂው በ1999 «ኢን ሴሽን» ተብሎ ወጥቷል። እዚያ ላይ ወጣቱ ሲሮጥ ሽማግሌው ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ጣል ያደርጋል። ጆሮ የሚቀረው ከማን ጋር እንደሆነ ሰምታችሁ ፍረዱ። እኔ ፈርጃለሁ።

በዚህ አልበም ላይ ደግሞ ክፍተቱ የተተወው ለሌሎች ሙዚቀኞች ጭምር ነው። አጃቢዎቹ ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤም ጂስ ናቸው። ቡከር ቲ ጆንስ ኪቦርድ፣ ስቲቭ ክሮፐር ጊታር፣ ዶናልድ «ደክ» ደን ባስ፣ አል ጃክሰን ድራም። አይዛክ ሄይስም ፒያኖ ላይ አለ። ትራምፔትና ሳክስፎን የያዙት ደግሞ ሜምፊስ ሆርንስ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዘፋኙን ኦቲስ ሬዲንግን ያጀቡ፣ ሶል የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ተጫዋቾች ናቸው። ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ የሆኑበት ባንድ በዚያ ዘመን ሜምፊስ ውስጥ ከስቱዲዮው በር ውጭ ቀላል ነገር አልነበረም። ስቱዲዮው ማክሌሞር ጎዳና ላይ ያለ የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር።

እነሱ ያመጡት ለውጥ ትልቅ ነው። የተለመደው ብሉዝ በአሥራ ሁለት ባር (እኩል የምት ክፍሎች) እየዞረ ይሄዳል። የመጠሪያው ዘፈን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኮርድ (አብረው በሚሰሙ ድምፆች) ላይ ይቆምና የባሱን ሐረግ ይደጋግማል። የሚያስጨፍረው እሱ ነው። የጃክሰን ድራም ምንም ጌጥ የለውም። ኪንግ አንድ መስመር ይዘፍናል፣ ጊታሩ ይመልሳል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይደመድማሉ። ማንም ማንንም አይረግጥም። «ጊታሩ አነሰብኝ» የሚል አድማጭ ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባሱን ብቻ ይከተል።

«ብሉዝ ሐዘን ነው»

«ክሮስከት ሶ»ን ሐዘን ነው የሚል አስቂኝ ሰው ነው። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞ በሚስበው ትልቅ መጋዝ ስም የተጠራ የጉራ ዘፈን ነው፣ ጉራውም ስለ እንጨት አይደለም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ወርቁን ለማግኘት አይቸገርም። «ላውንድሮማት ብሉዝ» ደግሞ ሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት መመላለስ ስላበዛች የጠረጠረ ባል ነው። ቅናቱ እውነት ነው፣ ግን እየሳቀ ነው የሚያስጠነቅቃት።

«ይሄማ የኛ ትዝታ ነው!»

ይህን የሚለው የኛው ሰው ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ጆሮው ሙሉ በሙሉ አልዋሸውም።

ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ኪንግ በብዛት የሚጫወትበት የብሉዝ ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። አምስቱም ድምፆች አንድ ናቸው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው። ትዝታ ዶ ላይ ያርፋል፣ ብሉዙ ላ ላይ። ማረፊያው ሲቀየር ስሜቱ ሁሉ ይቀየራል። ሌላም አለ። ኪንግ ክሩን ሲስብ ከአምስቱ ውጭ ያለ፣ በሁለት ድምፆች መካከል የሚንጠለጠል ድምፅ ያወጣል። ከስሩ ያለው የባንዱ ኮርድም ከትዝታ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ዝምድናው አለ፣ ቅኝቱ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ከሌላው ተወለደ ለማለት ደግሞ አምስት ድምፅ መጋራት አይበቃም፤ አምስት ድምፅ ያለው ሙዚቃ በዓለም ሞልቷል።

«የመጀመሪያ አልበሙ ነው፣ እንደወጣም ዓለምን አናወጠ»

ሁለተኛ አልበሙ ነው። «ዘ ቢግ ብሉዝ» በ1962 ወጥቷል። ኪንግ በ1967 አርባ አራት ዓመቱ ነበር፣ ሲቀረጽም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አልበሙም እንደ አልበም ታስቦ አልተሠራም። ከ1966 መጀመሪያ እስከ 1967 አጋማሽ በተለያየ ጊዜ ከተቀረጹ ነጠላ ዜማዎችና ተጨማሪዎች የተሰባሰበ ነው። ዝናውን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው፣ ከሙዚቀኛ ወደ ሙዚቀኛ እየተላለፈ።

«ሪማስተር ተደረገ ማለት እንደ አዲስ ተሠራ ማለት ነው»

ማንም እንደገና አልተጫወተም። ሪማስተር ማለት የተጠናቀቀውን ቅጂ ወስዶ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ማመዛዘን፣ ከፍታውን ማስተካከል ነው። የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ለብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ሪሚክስ ይባላል፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። «በአዲሱ እትም ጊታሩን አስጮሁት» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ የጮኸው ጠቅላላ ድምፁ ነው። ሁለቱን እትሞች በእኩል ድምፅ ሳያስተካክሉ ማወዳደር ሁሌም የጮኸውን ያስመርጣል። ሸክላ ይሻላል፣ ሲዲ ይሻላል የሚለው ክርክርም ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው የሚወድቀው።

ስለ ተጨማሪዎቹ ደግሞ «የተጣለ ትርፍራፊ ነው» ይባላል። አራቱ የታወቁት ዘፈኖች ሌላ የቀረጻ ሙከራዎች ናቸው፣ አምስተኛው ርዕስ የሌለው በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ነው። ሁሉንም በየቀኑ መስማት አያስፈልግም። ግን «ፐርሰናል ማናጀር» ላይ የተጨመረው ሙከራ ቁጥር 15 ነው። «ብሉዝ እንደመጣ የሚጫወቱት ነው» ለሚል ሰው ይሄ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

«የመጨረሻው ዘፈን በስህተት የገባ ነው»

«ዘ ቬሪ ቶውት ኦፍ ዩ» በ1930ዎቹ የተጻፈ የፍቅር ዘፈን ነው፣ የሬይ ኖብል። ኪንግ እዚህ ላይ ድምፁን አለስልሶ እንደ መድረክ ዘፋኝ ይዘፍናል። ብሉዝ ብቻ የሚፈልጉ አድማጮች ይዘሉታል። አልፈርድባቸውም፣ ከሌሎቹ አሥር ዘፈኖች ጋር አይሄድም። በስህተት ግን አልገባም። ያ ግዙፍ ሰውዬ ሲጮህ እንጂ ሲያባብል የማይችል የሚመስለው ካለ፣ ሳይዘል ይስማው።