«አያት ምን ሥራ አለው?» እና ሌሎችም ስለ አያትነት የሚባሉ ነገሮች

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሞላኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ሰከላ ነው። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ጫፍ ላይ፣ ሦስት የልጅ ልጆች በሚራወጡበት ግቢ ውስጥ ነው። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው። መካከለኛው 7። ትንሹ ገና ዳዴ ይላል። ስለ አያትነት ሰው የማይለኝ ነገር የለም። ሰንበቴ ላይ ይሉኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ይሉኛል። ብዙው ስህተት ነው። አንዳንዱን ስህተት ደግሞ እኔው ራሴ ሳወራው የኖርኩ ነው።

«ጡረታ ወጡ፣ እንግዲህ አረፉ»

መንግሥት በ60 ዓመቴ አሰናበተኝ። የልጅ ልጆቼ በማግስቱ ቀጠሩኝ። ደመወዝ የለውም። የዓመት ፈቃድም የለውም። ሥራው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጫማ በመፈለግ ይጀመራል። የሚጠፋው ሁልጊዜ የግራው ነው።

«አርፈህ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን አትጨርስ» የሚሉኝ እኩዮቼም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እስቲ ሒሳቡን ልሥራው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ 15 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልስ 30። ጠዋት ማድረስ አለ፣ ከሰዓት ማምጣት አለ፤ 60። በአምስት ቀን 300 ደቂቃ። እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ድርጅቱ ሽማግሌ እንዳይወድቅ ሚዛን የሚያስለምድ እንቅስቃሴም በሳምንት ሦስት ቀን ይሁን ይላል። ለዚህ ሰኞ ማክሰኞ አለልን። መሬት ላይ ይሰመራል፣ በአንድ እግር ይዘለላል። እኔ እስከ ረቡዕ እደርሳለሁ። ሐሙስ ላይ ግድግዳ እይዛለሁ።

«የአያት ልጅ ሞልቃቃ ነው»

ይህን የምትለኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ እኔ አምስት ደቂቃ ሳረፍድ ይቆጡኝ አልነበር? እነዚህ ጢምዎን ሲጎትቱ ይስቃሉ» ትላለች። እውነቷን ነው። ያኔ 60 ተማሪ ከሞላበት ክፍል ደክሞኝ ነበር የምገባው። አሁን ጊዜ አለኝ። ጊዜ ያለው ሰው አይቆጣም።

ግን ልጆቹ አልሞለቀቁም። ልጅ ሞኝ አይደለም። ከእናቱ የሚጠየቀውንና ከአያቱ የሚጠየቀውን ለይቶ ያውቃል። እኔ እንዳየሁት ልጅን የሚያበላሸው እናቱ «አይሆንም» ያለችውን አያት እዚያው ፊት ለፊቱ «ይሁንለት» ሲል ነው። ይህን አጥፍቻለሁ። አንድ ቀን ከረሜላ የተከለከለውን ልጅ በስተጓሮ ጠርቼ አጎረስኩት። ልጄ ደረሰችብን። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ካሳረቁን በኋላ ተስማማን፤ ከረሜላ ቅዳሜ ብቻ፣ አንድ ብቻ።

ያኔ መከራከሪያዬ ምን ነበር መሰላችሁ?

«የወተት ጥርስ ነው፣ ቢበሰብስም ይወልቃል»

ስንቱን ወላጅ እንዲህ እያልኩ አጽናንቻለሁ! ስህተት ነው። የወተት ጥርስ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ያለጊዜው ከወለቀ አጠገቡ ያሉት ይጠጋሉ፤ ቋሚው መውጫ ያጣና ተጣሞ ይወጣል። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች ደግሞ የሚወልቁት ልጁ 10፣ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። ያን ያህል ዘመን በበሰበሰ ጥርስ ቆሎ አይቆረጠምም። አሁን ማታ ማታ አብረን እንቦርሻለን። በጊዜው የወለቀውን ጥርስ ጣሪያ ላይ እንወረውራለን። በዚያ አልደራደርም።

«ማር ለሕፃን መድኃኒት ነው»

ይህን ላነሳ ግድ ነው፤ ንብ ማነብ የጡረታ ዘመን መዝናኛዬ ነውና። ጓሮ ጥግ አራት ቀፎ አለኝ። አደይ አበባ አልፎ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስንቆርጥ ጎረቤት ሁሉ ሳህን ይዞ ይመጣል። አንዷ እናት ጉንፋን ለያዘው ጨቅላ ልታልሰው መሆኑን ስትነግረኝ ሳህኑን መልሼ ያዝኩት።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። የጎጃም ማር ቢሆንም አይሰጥም። ጣት አስነክቶ ማስላስም ያው ነው። በማር ውስጥ ዓይን የማያያት የባክቴሪያ ዘር ልትኖር ትችላለች። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፋታል። የጨቅላ አንጀት ግን አልበረታምና እዚያ ውስጥ መርዝ ታመርታለች። ሕመሙ ቦቱሊዝም ይባላል፤ ጡንቻ ያዝላል፣ መተንፈስ እስኪያቅት ሊደርስ ይችላል። ማሩን ማፍላትም አያጠፋውም። የእኛም ትንሽ ልጅ ዓመት እስኪሞላው እየተቁለጨለጨ ያየናል። ለሚያሳለው ትልቅ ልጅ ግን ለብ ባለ ውሃ መስጠት ደግ ነው።

«ስልክ ያየ ልጅ ተረት አይሰማም»

ይህን አምን ነበር። ተስፋ ቆርጬ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። ጨለማ ውስጥ እንደ ቀልድ «ተረት ተረት» አልኩ። ከወዲያ «የመሠረት» አለኝ መካከለኛው። ትምህርት ቤት ለምዶት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም ይጠይቁኛል። ያውም ያንኑ ተረት። እኔ ስልችት ብሎኝ ጅቡን ከመራዊ ወደ ዳንግላ ባዛውረው «አይ አባባ፣ መራዊ ነው!» ብሎ ይቆጣኛል። ልጅ ተረትን የሚወደው የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ትልቋ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስክል ድረስ በስልኳ ትቀዳኝና በቴሌግራም አዲስ አበባ ላሉት የአጎቷ ልጆች ትልካለች። ስልኩን በከንቱ ነበር የጠላሁት።

እንቆቅልሽ ላይ ግን ትበልጠኛለች። ለማላውቀው መልስ አገር መስጠት አለብኝ። «አገር ስጠኝ» ስትለኝ «ጎንደርን ሰጠሁሽ» እላለሁ። አትቀበልም። «ዱባይን ስጠኝ» ትላለች።

«ጢስ ዓባይ መቼም ቢሄዱ ያው ነው»

አይደለም። በሚያዝያ ወስጃቸው አፍሬያለሁ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳቦና ቆሎ ቋጥረን ሄድን። ከኮረብታው ላይ ስንደርስ የተራቆተ ጥቁር ገደል፣ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ውሃ። መካከለኛው «አባባ፣ ጢሱ የታለ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው የ1950ዎቹ ሥራ ነው፤ በጣም የሚበልጠው ሁለተኛው የተጨመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ ባሕር ዳር ላይ ጨረጨራ በተባለው ግድብ እየተመጠነ ነው የሚለቀቀው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ በበጋ ፏፏቴው ይከሳል። መሄድ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። መስከረም ላይ መንገዱ አማን ሲሆን ተመለስን። ያኔ ጢሱ ራቅ ብለን ቆመን እንኳ አበሰበሰን። ትንሹ አለቀሰ፣ ሁለቱ ጮኹ። ዳቦውም ራሰ።

«ዓባይ የሚነሳው ከጣና ነው»

እዚህ ላይ አድልዎ አለብኝ፤ የሰከላ ልጅ ነኝ። ትልቋ ለፈተና «ግሽ ዓባይ» ብላ መልሳ ኤክስ ተደርጎባት መጣች። ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ነገሩ መስመር በመስመር ይታይ። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ምንጭ አለ። ከዚያ የሚወጣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ላይ ትልቁ ዓባይ ይወጣል። ጣና የሚሉት ትልቁ ከወጣበት ጀምረው ነው። እኛ ደግሞ ግልገሉ ከተወለደበት። ውሸት የሚሆነው «ጣና ብቻ» ሲባል ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን እኔ አገኘሁት አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) ግን በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት አይቶታል። ለትልቋ ይህን ስነግራት «ታዲያ የሰከላ ሰዎች ከዚያ በፊት ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር?» አለችኝ። ፈተናው ላይ ይህ ቢጠየቅ ጥሩ ነበር። ቦታው ጠበል ነውና ይዛችሁት የምትሄዱት ልጅ ጫማ አውልቆ መግባት እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩት። የእኛው ካልሲውን ጥሎ ተመለሰ። የግራውን።

«የጣና ገዳም ሴት አያስገባም»

ባለቤቴ ሳትቀር ይህን ታምን ነበር። ትልቋን ትተናት ልንሄድ ሁላ ተነጋግረን ነበር። የሁሉም ሥርዓት አንድ አይደለም። ክብራን ገብርኤል ወንድ ብቻ ነው የሚገባው። አጠገቡ ባለችው እንጦስ ደሴት ግን ሴት ትገባለች። ዘጌ ላይም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ወንድ ሳይል ያስተናግዳል። ግድግዳውን የሞሉትን ሥዕሎች አይታ የማትጠግብ ትልቋ ነበረች። እኔ ከቡናው ጫካ ሥር ተቀምጬ ጉልበቴን አሻሸሁ።

ስንመለስ ጀልባው ክብራንን አለፈ። ትልቋ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና እንቆቅልሽ ጠየቀችኝ። አላወቅሁትም። «አገር ስጠኝ» አለች። ደስ እንዲላት «እሺ፣ ዱባይን ሰጠሁሽ» አልኳት።

«አይ» አለች፤ «ክብራንን ስጠኝ።»