የኦንላይን ራስ አገዝ የሱስ ፕሮግራም «ተፈትኗል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሱስ ለመቀነስ ወይም ለማቆም እንረዳለን የሚሉ አፖችና ድረ ገጾች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ገና ሲከፈቱ «በሳይንስ የተረጋገጠ» ይላሉ። ማን አረጋገጠው? እንዴት? ከምንስ ጋር አነጻጽሮ? ከሦስቱ ጥያቄዎች ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። ሰዎች ግን የሚጠይቁት እሱን አይደለም።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ሰውዬው ክሊኒክ ሳይሄድ፣ ብዙ ጊዜም ስሙን ሳይናገር፣ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚከታተለው ትምህርትና መልመጃ ነው። በየቀኑ ምን ያህል እንደተጠቀመ ይመዘግባል። ሐራራው በየትኛው ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚነሳበት ይለያል። ግብ ያወጣል፤ ግቡ ማቆም ሊሆን ይችላል፣ መቀነስም ሊሆን ይችላል። ጓደኛው «ዛሬ ብቻ» ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ ይለማመዳል። ይዘቱ በአብዛኛው የተወሰደው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ከሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ከአማካሪ ጋር በጽሑፍ ማውራት ይቻላል፤ ሌሎቹ ግን ከማሽን በቀር ማንም የለባቸውም።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ችግሩ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሕክምና በር አያንኳኩም። ያፍራሉ፣ ሥራዬን አጣለሁ ብለው ይፈራሉ፣ ወይም ገንዘቡ የላቸውም። ስልኩ ግን እጃቸው ላይ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። በጣም ቀላሉ መንገድ ሰዎችን ፕሮግራሙን ማስጠቀምና ከ3 ወር በኋላ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ «ቀንሻለሁ» ካሉ ሠርቷል ማለት ነው? አይደለም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልገው ነገሩ ሲብስበት ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ከቤተሰብ ሲጣላ፣ ከሥራ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው። ከዚያ ከባድ ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ ፕሮግራም ኖረም አልኖረም ትንሽ መሻሉ አይቀርም። ደግሞም ተመዝግቦ መግባቱ በራሱ ሰውዬው መወሰኑን ያሳያል። ፕሮግራሙ ባይኖር እንኳ በራሱ ጥረት ይቀንስ ነበር ይሆናል።

ስለዚህ ዕጣ ይወጣል። የተመዘገቡት ሰዎች በዕጣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ፕሮግራሙን ያገኛል፣ ሌላው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ዕጣው የቆረጠውንም ያላመነውንም፣ ሱሱ የጠናበትንም የቀለለለትንም ያለ አድልዎ ስለሚያከፋፍል፣ በኋላ በቡድኖቹ መካከል የሚታየው ልዩነት የፕሮግራሙ ነው ለማለት ያስደፍራል።

የዚህን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳየኝ ከአደንዛዥ ዕፅ ሳይሆን ከመጠጥ የመጣ ሙከራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ «ዳውን ዩር ድሪንክ» የሚባል ድረ ገጽ ነበር፤ መጠጥ ያበዙ ሰዎች እንዲቀንሱ የሚረዳ። ውጤቱ በ2011 የወጣው ሙከራ 7,935 ሰዎችን መዘገበ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ዓይነት ጥናት ግዙፍ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙን የተጠቀሙት ሰዎች በ3 ወር ውስጥ ሳምንታዊ መጠጣቸውን በጣም ቀነሱ። አንድ ድርጅት ይህን ብቻ ይዞ ማስታወቂያ ቢሠራ ማን ይከለክለዋል? ግን ማነጻጸሪያ ቡድን ነበር። እነዚያ ያገኙት ስለ መጠጥ የሚያወራ ተራ መረጃ ያለበት ገጽ ብቻ ነበር። እነሱም እኩል ቀነሱ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ይህ «ፕሮግራሙ አይረባም» ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አላነብበውም። ምናልባት ተራው መረጃም ይሠራል። ምናልባት «ባለፈው ሳምንት ስንት ጠጣህ?» ተብሎ በዝርዝር መጠየቁ ራሱ ሰውን ያነቃል፤ በጥናቶች ውስጥ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ምናልባትም ሁለቱም ቡድኖች የመጡት በክፉ ሳምንታቸው ስለሆነ ነው። እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ተጨማሪ መልመጃ ከተራው ገጽ የበለጠ ያስገኘው ነገር አልታየም።

እዚህ ላይ ማነጻጸሪያው ምን እንደሆነ የመጠየቅ ጥቅሙ ይገለጣል። ጥናቶቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው «ወረፋ ጠባቂ» የሚባለው ነው። ዕጣ ያልወጣላቸው ሰዎች «ከ3 ወር በኋላ ይደርስሃል» ይባላሉ። ርካሽ ነው፣ ማንንም ባዶ እጁን አይሰድም። ችግሩ ግን ጠብቅ የተባለ ሰው መጠበቁ ነው! እርዳታው እየመጣ ከሆነ ዛሬ ለምን ይታገላል? ካናዳዊው ተመራማሪ ጆን ካኒንግሃምና ባልደረቦቹ ይህንኑ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል። መጠጥ ያበዙ ሰዎችን ወስደው ለገሚሶቹ ወረፋ ላይ ናችሁ አሏቸው፣ ለገሚሶቹ ስለ ወረፋ ምንም አልነገሯቸውም። ወረፋ ላይ ናችሁ የተባሉት የቀነሱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወረፋ ጠባቂን ያሸነፈ ፕሮግራም ያሸነፈው የታሰረ ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል። «ተፈትኗል» የሚል ነገር ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው።

ሌላው ራስ ምታት አቋራጮቹ ናቸው። ኦንላይን መግባት ቀላል እንደሆነ ሁሉ መውጣትም ቀላል ነው። ክሊኒክ የቀረ ሰው ይደወልለታል፤ ድረ ገጽ የተወ ሰው ግን አንድ ገጽ ዘጋ፣ አበቃ። ጉንተር አይዘንባክ የሚባል ተመራማሪ በ2005 ይህንን «የመመናመን ሕግ» ብሎ ጠርቶታል፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ የጤና ፕሮግራም ሁሉ ሰው እንደሚያጣ ቆጥሮ መነሳት አለበት ነው ነገሩ።

ጀርመን ውስጥ ለካናቢስ (ለጋንጃ) ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ «ኩዊት ዘ ሺት» የሚባል ፕሮግራም አለ። (ስሙ ትንሽ ባለጌ ነው፣ ያወጣው ግን የመንግሥት የጤና ትምህርት ተቋም ነው።) ለ50 ቀናት ያህል ከአማካሪዎች ጋር በጽሑፍ እየተነጋገሩ የሚከታተሉት ነው። በ2011 በወጣው ሙከራ 1,292 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከ3 ወር በኋላ መጠይቁን የመለሱት 206 ብቻ ናቸው። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው።

የቀሩት የት ሄዱ? አንዳንዱ ድኖ ረስቶት ይሆናል። አንዳንዱ ወደ ነበረበት ተመልሶ ለመናገር አፍሮ ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል 100 ሰዎች ገብተው 20 ብቻ መለሱ፣ ከ20ው 15ቱ ቀንሰናል አሉ እንበል። ውጤቱ 75 በመቶ ነው ወይስ 15 በመቶ? ማስታወቂያ ሠሪው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ጨዋ ተመራማሪ ግን ሁለቱንም ያሳያል፤ ያልመለሱት ምንም አልተለወጡም ብሎ አስልቶ፣ ልዩነቱ ከዚያም በኋላ መቆሙን ይፈትሻል። በዕጣ የተደለደለ ሰው ሁሉ፣ አንድም ቀን ሳይገባ ቢቀር እንኳ፣ በተደለደለበት ቡድን ውስጥ መቆጠር አለበት።

ልኬቱም ችግር አለበት። ክሊኒክ ውስጥ ሽንት ይመረመራል። ኦንላይን ግን ያለው የሰውዬው ቃል ብቻ ነው፤ ባለፉት 30 ቀናት በስንቱ ተጠቀምክ የሚል የቀን መቁጠሪያ ይሞላል። ስም ስለማይጠየቅ የመዋሸት ምክንያቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፣ እኔም ብዙውን ጊዜ እስማማለሁ።

ታዲያ እስካሁን የተገኘው ውጤት ምን ይመስላል? ድብልቅ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ «ሪዱስ ዩር ዩዝ» የሚባል ባለ 6 ክፍል የካናቢስ ፕሮግራም በ230 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ማነጻጸሪያው ወረፋ ሳይሆን ስለ ካናቢስ ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ገጽ ነበር፤ ማለትም ጠንከር ያለ ተፎካካሪ። በ2013 እንደተዘገበው፣ በ6ኛው ሳምንትም በ3ኛው ወርም ፕሮግራሙን ያገኙት የተጠቀሙባቸው ቀናት ያነሱ ነበሩ። እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ አምፌታሚንና አይስ ለሚባሉት አነቃቂ ዕፆች ተጠቃሚዎች የተሠራው «ብሬኪንግ ዘ አይስ» በ160 ሰዎች ሲፈተን ግን ሁለቱም ቡድኖች ቀነሱ፣ ልዩነት የለም። የተገኘው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፤ ፕሮግራሙን ያገኙት ሰዎች እርዳታ ለመፈለግ ይበልጥ ተነሳሱ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰው ቢጨመርበትስ? ዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት የ308 ሰዎች ሙከራ፣ ራስ አገዙ ላይ ከአማካሪ ጋር የጽሑፍ ውይይት የተጨመረላቸው የካናቢስ ተጠቃሚዎች ብቻቸውን ከተከታተሉት የተሻለ ቀነሱ። እንግዲያው ሰው መጨመር ነው መፍትሔው እንዳንል፣ ስዊድን ውስጥ ባለሙያ የሚያግዝበት የካናቢስ ፕሮግራም በ303 ሰዎች ተፈትኖ በ2020 ሲዘገብ ከወረፋ ጠባቂዎቹ ልዩነት አላመጣም።

በሽያጭ በኩል ትልቁን ስም ያገኘው አሜሪካዊው «ሪሴት» ነው። በመስከረም 2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደለት፤ ሐኪም የሚያዘው አፕ ሆነ። መሠረቱ በ2014 የታተመ፣ በ10 የሕክምና ማዕከላት 507 ሰዎችን የያዘ የ12 ሳምንት ሙከራ ነው። ባለሥልጣኑ ባወጣው ቁጥር፣ የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይን ያሉ ዕፆች) ተጠቃሚዎች ሳይቆጠሩ፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ከመጠጥ ርቀው የቆዩት ፕሮግራሙን ባገኘው ቡድን 40.3 በመቶ፣ ባላገኘው 17.6 በመቶ ናቸው። ጥሩ ልዩነት ነው፣ ሽንትም ተመርምሯል። ግን ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ክሊኒክ እየተመላለሱ ነበር፣ ንጹሕ ሲሆኑም ማበረታቻ ሽልማት ነበራቸው። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አፕ ያወረደ ሰው ያንን ውጤት የራሱ አድርጎ ሊጠብቅ አይችልም። ኩባንያው ፒር ቴራፒዩቲክስ ደግሞ በሚያዝያ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ፈቃድ ማግኘትና ከፋይ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አብዛኞቹ ሙከራዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡትን፣ ሕክምና ላይ ያሉትን አያስገቡም። ስለዚህ ውጤቱ ስለ እነሱ አይናገርም። ብዙ የሚጠጣ ወይም ለረጅም ጊዜ የእንቅልፍ ኪኒን የወሰደ ሰው ደግሞ አፕ አይቶ በአንድ ቀን ቀጥ ቢያደርግ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለውም ይችላል። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው።

አንድ ቋንቋ ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ ይሠራል ማለትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መጠጥ ለመቀነስ የተሠራን አንድ ራስ አገዝ ፕሮግራም በቤላሩስ፣ በብራዚል፣ በሕንድና በሜክሲኮ እንደገና ያስፈተነው ለዚህ ነው። በ2021 ሲዘገብ ፕሮግራሙን ያገኙት ከወረፋ ጠባቂዎቹ ይልቅ ተሻሽለዋል። (ማነጻጸሪያውን ልብ አላችሁ?)

ከላይ የጠቀስኳቸው አንዳቸውም በአማርኛ አልተፈተኑም፣ አንዳቸውም ስለ ጫት የተጻፉ አይደሉም። አንዱን ወስዶ መተርጎም በቂ አይመስለኝም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተጠቀምክ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ለሚቅም ሰው መቀነሱን አይለካም፤ በዙርባ፣ በወጣው ብርና በተቀመጠበት ሰዓት መጠየቅ አለበት። ሐራራ የሚቀሰቅሰው በርጫው፣ ከሰዓት በኋላው፣ ሰዎቹ ናቸው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚይዝ ሰው ጫቱን ሲቀንስ መጠጡ ምን እንደሚሆን አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል። ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው ደግሞ በማግስቱ ፕሮግራሙን ዘግቶ መውጣቱ ነው፤ በጥናቱም ካልመለሱት ጋር ይቆጠራል።