ጉንፋን፣ ክትባትና የሰውነት ትዝታ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከደሴ

ሰውነታችን አንዴ የተዋጋውን ኢንፍሉዌንዛ በቀላሉ አይረሳም። ያንን ትዝታ ከደም፣ ከአፍንጫ ፈሳሽና ከነጭ የደም ሴሎች ማንበብ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ነው። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተከትቦ የተገኘ መከላከያና ታሞ በመዳን የተገኘ መከላከያ በምን ይለያያሉ?

ደሴ ላይ "ጉንፋን" ሁሉን ይጠቀልላል። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ አፍንጫው የሚፈስበትም፣ ድንገት ትኩሳትና ቁርጥማት አልጋ ላይ የጣለውም "ጉንፋን ያዘው" ይባላል። ካልሆነም "ምች ነው" ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ተራው ጉንፋን የሌሎች ብዙ ቫይረሶች ሥራ ነው። አልጋ የያዘው ሰው ግን ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት የሚለየው ላብራቶሪ ነው።

የበሽታው ትልቁ ጠባሳ ኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። ሌላው ዓለም "የስፔን ጉንፋን" ያለውን እኛ "የኅዳር በሽታ" አልነው። ወሎ ከሰገሌ ጦርነት ሐዘን ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ ጠፋ፤ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 10,000 ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በጠና ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ልማድ፣ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ቀድሞም ነበር የሚሉ አሉ። በዚያ ቀን ደሴ ላይ ከየደጁ የሚነሳው ጭስ በተራራ ስለሚታጠር ቶሎ አይበተንም፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ጭስ ቫይረስ አይገድልም። ግን ሕዝባችን ወረርሽኙን ከመቶ ዓመት በላይ ያስታወሰበት መንገድ ነውና ክብር ይገባዋል።

ሰውነትም እንዲሁ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ1915 ወይም ከዚያ በፊት የተወለዱ 32 ሰዎችን ደም መረመረ። ከወረርሽኙ 90 ዓመት ገደማ በኋላም የሁሉም ደም የ1918ቱን፣ ማለትም የእኛን የኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ቫይረስ የሚያውቅ አንቲቦዲ (ቫይረስን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ነበረው። ከአንዳንዶቹም አንቲቦዲውን የሚሠሩት የትዝታ ሴሎች በሕይወት ተገኙ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከታመመ ሰው ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። በ1941 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆርጅ ኸርስት ቫይረሱ የዶሮ ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ አየ። እስካሁን የምንሠራበት ምርመራ የመጣው ከዚህ ነው። ሴረሙ (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት (የፕላስቲክ ሰሌዳ) ላይ 1 ለ10፣ 1 ለ20፣ 1 ለ40 እየተባለ ይቀጥናል። ቫይረስ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ የዶሮ ወይም የቱርክ ዶሮ ደም። አንቲቦዲ ከሌለ ሴሎቹ እንደ መረብ ተያይዘው ይንሳፈፋሉ። ካለ ግን ታች ወርደው ቀይ ቁልፍ ይሠራሉ። ፕሌቱን ዘንበል ሲያደርጉት ቁልፉ እንደ እንባ ይንጠባጠባል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ አይረሳውም። ሴረሙ 1 ለ40 ቀጥኖም ቁልፍ የሚሠራለት ሰው የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ዋስትና ግን አይደለም።

ክትባት ሲሰጥ በ7ኛው ቀን ገደማ አንቲቦዲ አምራች ሴሎች በደም ውስጥ ይጎርፋሉ። የአንቲቦዲው መጠን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ደም ሁለት ጊዜ፣ ከክትባቱ በፊትና ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ የሚቀዳው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት በዋናነት የደም አንቲቦዲን ያነቃል። ታሞ የዳነ ሰው ግን በአፍንጫው ውስጥም መከላከያ ያገኛል። የቫይረሱን ብዙም የማይለወጡ የውስጥ ፕሮቲኖች የሚያውቁ ቲ ሴሎችም (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ያፈራል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በሽታው ይገድላል። የቫይረሱ ውጫዊ ገጽ ስለሚለዋወጥ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በዓመት ሁለቴ፣ በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር፣ ይመክራል።

በአገራችን የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ አዲሱ ኤች1ኤን1 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ አገር ውስጥ ተገኘ። የየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። ስለዚህ የአብዛኛው የደሴና የኮምቦልቻ ሰው መከላከያ የመጣው ታሞ በመዳን ነው። በየዓመቱ የሚከተቡ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እኛን ሙሉ በሙሉ አይወክልም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ አላቸው። ብርድና ሙቀት በአጭር የመኪና መንገድ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ቦታ ለጥናት የተመቸ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አለ። በ2014ቱ ጦርነት የጤና ተቋሞቻችን ቢዘረፉም ባለሙያዎቹ ተመልሰው ሥራቸውን ይዘዋል።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳስተዋለው፣ በልጅነት መጀመሪያ የያዘን ዝርያ ዘላቂ አሻራ ይተዋል። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው አሁንም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. እስከ 1957 የተዛመተው ኤች1ኤን1፣ ከዚያ እስከ 1968 ኤች2ኤን2፣ ቀጥሎ ኤች3ኤን2 ነው። ኤች1ኤን1 በ1977 ተመለሰ። ደሴ ሆጤ ሰፈር የሚኖሩ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱ አባትና ቧንቧ ውሃ በተባለው ሰፈር የምትኖር እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለደች ልጃቸው በልጅነታቸው የተዋወቁት ቫይረስ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ክትባት ቢወስዱ እንኳ በፕሌቱ ላይ ቀዩ ቁልፍ ለሁለቱም እኩል ጉድጓድ ላይ ላያቆም ይችላል።