«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ምክር አይደለም

በቅርቡ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ አገልጋይ በምእመናን ገንዘብ ተጠርጥሯል፤ ሰነዱም ቀርቧል። አንድ የተከበሩ አባት ተነሡና «ልጆቼ፣ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ቢሆን ይሻላል፤ የእግዚአብሔር ቤት አይሰደብ» አሉ። ብዙው ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን አንገበገበኝ። ይህ አባባል የምሬት ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ዝምታ ሊወቅስ እንጂ ሊመክር አልተነገረም።

ገጠር ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጽሐፉ የብራና ነው። ከቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቋንቋው ግዕዝ ነው። ገበሬው ይሳለመዋል፣ ይፈራዋል፣ ግን አያነበውም። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የታተመው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ገበሬው ቤት ቶሎ አልገባም። ቄሱ ካልተናገረ መጽሐፉ በምን አፉ ይናገራል?

ልጅ ሆኜ የአያቴ የንስሐ አባት ሲያነቡ እሰማ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይቀመጣል። አትሮንሱ ይወጣል። አባ መጀመሪያ በግዕዝ ያነባሉ፤ ቀጥለው በአማርኛ ይተረጉሙታል። አንድ እሑድ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 ላይ ደረሱ፤ የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን የሚለው ጋ። የማንንም ስም አልጠሩም። ግን የአንዲት ባልቴት ድንበር በዚያ ክረምት ተገፍቶ ነበር፤ ገፊውንም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሶ አባን የሚያበላ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም የሚሰጥ ባለጸጋ ነው። አባ ያቺን ቃል ደግመው አነበቧት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ገባና የድንበሩ ድንጋይ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እኔ እንደሚመስለኝ አባባሉ የተወለደው አባን የመሰለ ቄስ ባልነበረበት ደብር ነው። የተበደለች ሴት ቃሉን ልትሰማ መጥታለች። ቄሱ ግን የባለጸጋውን ፊት አይቶ ቅጠሉን ገልጦ አለፈው። እሷም እየተመለሰች «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» አለች። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፤ ቄሱ ቀድሞ ዝም ይላል፣ መጽሐፉ ይከተላል። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ሴት እንደነበረች ልቤ ይነግረኛል። መጽሐፉም ለዳኝነት የሚገለጠው ፍትሐ ነገሥት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን የሚገልጠው ቄሱ ነው።

ዝምታ የአባቶቻችን ወግ ነው የሚለኝ ሰው ካለ መነኩሴውን አባ አኖሬዎስን ያስታውስ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዐምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው ፊት ለፊት ገሥጸው እንደ ተገረፉ ይተረካል።

ዛሬ መጽሐፉ በየስልካችን አለ። ዝም ያለው ቄሱ፣ ፓስተሩ፣ ሽማግሌው ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 እንዲህ ያሉትን ጠባቂዎች መጮኽ የማይችሉ ዲዳ ውሾች ይላቸዋል። አገልጋይ ሲሾም 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ይነበባል፤ ነቀፋ የሌለበት፣ ገንዘብን የማይወድ፣ ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር። ጥሩ። እስከ ምዕራፍ 5 ድረስ ለምን አንዘልቅም? ቁጥር 19 ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል ይላል፤ አገልጋዩን ከሐሜት ይጠብቀዋል። ቁጥር 20 ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። የእግዚአብሔር ቤት እንዳይሰደብ ብላችሁ ነገር የምትሸፍኑ አባቶችና ወንድሞች፣ ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡልን። ምስክር ይሰማ፣ ሒሳቡ ይመርመር። ክሱ ሐሰት ከሆነም አገልጋዩ በዚያው በሕዝቡ ፊት ነጻ ይውጣ።