«ነጻ» የሚባለውን ትምህርት ማን ይከፍልበታል? ስለ እንግሊዝ ኮሌጆች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪ መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው። በነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ሲከፈት፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ከመጣ ባልደረቦቼ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይልኩታል። ፎርም እየሞላን የምሰማው ብዙው ነገር ከሰው ሰው የተላለፈ ወሬ ነው። አንዳንዱ ድሮ እውነት የነበረ ሲሆን አንዳንዱ ከመጀመሪያውም እውነት አልነበረም። በዚህ ወሬ የተነሳ መማር የሚችሉ ሰዎች ሳይማሩ ዓመታት ያልፋሉ። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ላንሳቸው። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሥራ ያለው ሰው በነጻ አይማርም»

ባለፈው ዓመት ምዝገባ ላይ አንዲት እናት መጡ። ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳሉ። «ልጄ፣ እኔ ሥራ ስላለኝ ነጻው አይመለከተኝም፤ ስንት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። «ፔይስሊፕዎን ይዘዋል፣ እማማ?» አልኳቸው። ከቦርሳቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በእጃቸው እያለሰለሱ ዘረጉት። አብረን አየነው፤ ደመወዛቸው ከወሰኑ በታች ነው። ያን ቀን አንድ ፔኒ ሳይከፍሉ ኢሶል፣ ማለትም አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ተመዘገቡ። ክፍያውን ፈርተው ሦስት ዓመት እንደቀሩ የነገሩኝ ፈርመው ከጨረሱ በኋላ ነበር።

እውነታው እንዲህ ነው። ለአዋቂዎች ትምህርት የሚውለው የመንግሥት ገንዘብ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ አዳልት ስኪልስ ፈንድ ይባላል፤ ከዚያ በፊት አዳልት ኤጁኬሽን በጀት ነበር ስሙ። ሥራ ያጡና ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ላይ ያሉ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ደመወዛቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሠራተኞችም ሙሉ ወጪያቸው ይሸፈናል። ማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ በሚከፍልባቸው አካባቢዎች የ2025/26 ወሰን በዓመት 25,750 ፓውንድ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ወሰኑ የከተማዋ ኑሮ ውድነት ታስቦ ከሚወጣው የደመወዝ መጠን፣ ከለንደን ሊቪንግ ዌጅ፣ ጋር የተያያዘ ነው። ከወሰኑ በላይ የሚያገኝ ሰውም ቢሆን ለብዙዎቹ ኮርሶች የሚጠየቀው የዋጋውን ከፊል ነው።

እንግሊዝኛና ሒሳብ ደግሞ ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። 19 ዓመት የሞላውና በጂሲኤስኢ (ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚወስዱት ፈተና) እንደ ማለፊያ የሚታየውን 4 ያላገኘ ሰው፣ የመኖሪያ መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ፣ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን እስከዚያ ደረጃ በነጻ የመማር መብት በሕግ አለው። ኢሶል ግን በዚህ መብት ውስጥ አይገባም። ሁለቱን እያምታቱ የሚመጡ ስላሉ ነው ይህን የማነሳው።

«ቪዛዬ ላይ ‹ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ› ተጽፏል፤ ኮሌጅ ከገባሁ ወረቀቴ ይበላሻል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ሰው ከበር ሳይደርስ የሚመልስ ፍርሃት ነውና። ጽሑፉ የቪዛው ባለቤት የመንግሥት ድጎማ እንዳይወስድ የሚከለክል ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ «ፐብሊክ ፈንድስ» የሚባሉት ተዘርዝረው የተቀመጡ ናቸው፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ የቤት ድጎማ፣ የልጅ ድጎማና የመሳሰሉት። የኮሌጅ ትምህርት ገንዘብ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ቪዛችሁ ላይ ስላለ ብቻ ትምህርት አይከለከልም፤ መማርም የቪዛውን ግዴታ መጣስ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ማንም በነጻ ይማራል ማለት አይደለም። የኮሌጆቹ ሕግ የራሱ የመኖሪያ መስፈርት አለው፤ ለብዙዎቹ የቪዛ ዓይነቶች በሕጋዊ መንገድ ሦስት ዓመት መኖርን ይጠይቃል። የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘ ሰው ሦስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ጥገኝነት ጠይቆ ኬዙ ገና ያልተወሰነለት ሰውም ስድስት ወር ካለፈው መመዝገብ ይችላል። በስቱደንት ቪዛ የመጣ ግን በዚህ ገንዘብ አይማርም።

ስትመጡ ሼር ኮድ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን በኢንተርኔት እንድናይ የሚያስችለንን ቁጥር፣ አውጥታችሁ ኑ። አሮጌውን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ (ቢአርፒ) ይዞ የሚመጣ አሁንም አለ፤ እኛ የምናየው በኢንተርኔት ያለውን ኢቪዛ ነው። ኮዱ 90 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል ክረምት ላይ ያወጣችሁት ኮድ ለጥር ምዝገባ አይሠራም።

«አክሰስ ኮርስ በብድር ከተማርኩ፣ በዩኒቨርሲቲው ላይ ሌላ ዕዳ ይጨመርብኛል»

አክሰስ ኮርስ አዋቂዎችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው። ነርስ ለመሆን የሚያስቡ ብዙ እህቶቻችን እዚህ ላይ ያቆማሉ። አድቫንስድ ለርነር ሎን የሚባለው ብድር 19 ዓመት ለሞላቸው ነው፤ የዕድሜ ጣሪያም የቤተሰብ ገቢ ምርመራም የለውም። በዚህ ብድር የአክሰስ ዲፕሎማ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ፣ የአክሰሱ ዕዳ ቀሪው ይሰረዝለታል። ዩኒቨርሲቲውን ያልጨረሰ ሰው ግን ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ገቢው ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ፣ ከወሰኑ በላይ ካለው 9 በመቶ ነው። ብድሩ ወለድ አለው፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይነካ ሰው ይህን ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ይገባዋል። ከ19 እስከ 23 ዓመት ውስጥ ያለና ሌቭል 3 (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው ደረጃ) ያልጨረሰ ደግሞ ብድር ከመፈረሙ በፊት በነጻ ሊማር ይችል እንደሆነ ይጠይቅ።

«ልጄን ሒሳብ ድገም ያሉት ሊቀጡት ነው»

«መካኒክነት ሊማር ገባ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለምን አስገደዱት?» ብለው ተቆጥተው የሚመጡ አባቶች አሉ። ቅጣት አይደለም። ከ2014 ጀምሮ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ፣ በሁለቱ ትምህርቶች 4 ያላገኘ ተማሪ አብሮ ካልተማራቸው መንግሥት የኮሌጁን ገንዘብ ይቀንሳል። በ2025/26 ለአንድ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚከፈለው መነሻ 5,105 ፓውንድ ስለሆነ ኮሌጁ ቸል ሊለው አይችልም። እኔ ደግሞ ደንቡ ለልጆቹ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ያለ እነዚህ ሁለት ውጤቶች ብዙ በር እንደሚዘጋባቸው በየዓመቱ አያለሁና።

ከኢትዮጵያ ቅርብ ጊዜ የመጡ ልጆች ወላጆች ሁለት ነገር ይወቁ። ቋንቋው ገና የሆነ ልጅ በጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ፋንታ ኢሶል መማር ይፈቀድለታል። አገር ቤት ማትሪክ ወስዶ ከሆነም ወረቀቱን አምጡት፤ የውጭ አገር ሰርተፊኬቶችን በሚመዝነው በዩኬ ኤኒክ ተመዝኖ ከ4 ጋር እኩል ከተባለ መድገም ላያስፈልገው ይችላል። የልጁን ሰርተፊኬት አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ትተው የመጡ ካሉ፣ ከምዝገባው በፊት ያስልኩት።

«ገንዘቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ ነጻ ትምህርትም ቀረ»

መሥሪያ ቤቱ በእርግጥ ተዘግቷል። ኢ.ኤስ.ኤፍ.ኤ የሚባለው ድርጅት በመጋቢት 31 ቀን 2025 ተዘግቶ ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ገባ። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ የአዋቂዎች ትምህርት ኃላፊነት ወደ ሥራና ጡረታ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለእኛ የደብዳቤው ራስጌ ተቀየረ እንጂ የተማሪው መብት በዚህ አልተነካም። የለንደኑ ገንዘብ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ በከንቲባው በኩል ነው የሚመጣው።

«ኮሌጅ የመንግሥት ስለሆነ ገንዘብ አያልቅበትም»

ኮሌጆች ከ1993 ጀምሮ ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ናቸው። በኅዳር 2022 የስታቲስቲክስ ቢሮው ከመንግሥት ዘርፍ ጋር መደባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ከባንክ መበደር አይችሉም። ትምህርት ቤቶች ቫት ሲመለስላቸው ለእነሱ አይመለስም። ይከስራሉም፤ በ2019 ኬንት የሚገኘው ሃድሎው ኮሌጅ ኮሌጅ ሲከስር በሚሠራበት አዲስ ሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለአስተዳዳሪዎች ተላልፎ ነበር።

«ተመዝግቤ ብቀር ማንንም አልጎዳሁም፤ መንግሥት ከፍሎልኛል»

መንግሥት አስቀድሞ ከፍሎ የጨረሰው ነገር የለም። እናንተ የሞላችሁት ፎርም በየወሩ ገደማ፣ በዓመት 14 ጊዜ፣ አይ.ኤል.አር በሚባል የተማሪ መዝገብ (ስሙ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ቢመሳሰልም የተለየ ነው) ወደ መንግሥት ይላካል። ኮርሱ 168 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተማሪው 42 ቀን ካልቆየ ለዚያ ሰው የሚከፈል የለም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖ ከዚያ ለሚያንስ ኮርስ 14 ቀን ነው። ከዚያ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ የኮርሱ ዋጋ 20 በመቶ የሚለቀቀው ተማሪው ሲያልፍ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ለወንበሩም የሚከፍል የለም። ክፍሉ ከሳሳ በሚቀጥለው ዓመት የማታው ኢሶል ሊታጠፍ ይችላል። ይህን ሲሆን አይቻለሁ፤ የሌሊት ሠራተኞች የሚማሩበት ብቸኛው ክፍል ነበር።

ስለዚህ ፈረቃ ቢቀየርባችሁ፣ ልጅ ቢታመምባችሁ፣ አገር ቤት ለቅሶ መሄድ ግድ ቢሆንባችሁ፣ ከመቅረታችሁ በፊት ለመምህሩ ወይም ለመዝገብ ክፍሉ ንገሩ። ከማታ ወደ ጠዋት ክፍል ማዛወር ይቻላል፤ ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ መመለስም በመዝገቡ ላይ የራሱ ኮድ አለው። አንድ የስልክ መልእክት ይበቃል፣ በአማርኛም ቢሆን።