ሚኒባስን እንደ ቤት መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አባዱላ መንዳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ለታክሲ ሥራ አይደለም። ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ፣ አስቤዛ አመጣበታለሁ፣ ለቅሶ ሲኖር ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄድበታል። ሰው ስለዚህ መኪና የሚለኝን ስሰማ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። መፈራት የሌለበትን እንፈራለን፤ መታመን የሌለበትን እናምናለን።

«ለአዲስ አበባ መንገድ ሰፊ ነው»

በሜትር እንየው። አባዱላ የምንለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። መደበኛው ስፋቱ 1.695 ሜትር ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ቪትዝም 1.695 ነው። እኩል ናቸው! ጃፓን ውስጥ ከ1.7 ሜትር በላይ የሚሰፋ ወይም ከ4.7 ሜትር በላይ የሚረዝም መኪና ከትንንሾቹ መደብ ይወጣል። መደበኛው ሃይኤስ በዚያ ልክ ተሰፍቶ ነው የተሠራው፤ ርዝመቱ 4.695 ነው። ሰው ሳይፈራ ቅያስ ውስጥ የሚያስገባው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ፕራዶ ከ1.88 ሜትር በላይ ይሰፋል። ሱፐር ሎንግ የሚባለው አባዱላ ግን ሌላ ነገር ነው፦ 5.38 ሜትር ይረዝማል፣ 1.88 ይሰፋል። ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ።

«አይዞርም»

ይዞራል። የመደበኛው በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 2.57 ሜትር ነው፤ የብዙ ኮሮላ 2.6 ነው። ችግሩ ልማድ ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው የፊት ጎማው ላይ ነው። እንደ ቤት መኪና ቀድማችሁ ከጠመዘዛችሁ የኋላ ጎማው የእግረኛ መንገዱ ላይ ይወጣል። እኔ ትከሻዬ ማዕዘኑን ሲያልፍ ነው መሪ የማዞረው። በሁለት ሳምንት ለመድኩት።

«ነዳጅ ይጨርሳል»

እንደ ሞተሩ ነው። 2.7 ሊትር ቤንዚኑ በከተማ መጨናነቅ እውነትም ይጠጣል። 2.5 ናፍጣው ይሻላል።

«ከባድ ስለሆነ መንገድ ይይዛል»

ባዶውን ሲሆን አይይዝም። ሞተሩ ከፊት ነው፣ የሚገፋው ግን የኋላ ጎማ ነው። የኋላው ባሌስትራ ደግሞ ለጭነት ነው የተሠራው። ሰው ካልጫናችሁ ኋላው ይቀላል፤ ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ዳገት ስትወጡ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። ጎሚስታው ጋ «ሙላው» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። የአየሩ ልክ ሾፌር በር ሥር ተጽፏል።

«ትልቅ ነው፣ ከአደጋ ይጠብቃል»

ይህ አባባል በጣም ያስፈራኛል። አባዱላ ከፊት ኮፈን የለውም። ሞተሩ ወንበር ሥር ነው። ከፊት የሚመጣ ግጭት መጀመሪያ የሚያገኘው የሾፌሩንና የጋቢናውን ሰው እግር ነው። ኩባንያው ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲሱ ሃይኤስ ላይ አጭር አፍንጫ ጨምሯል። በአሮጌው የምንነዳ ሰዎች ርቀት ጠብቀን መንዳት አለብን። ከኋላ ያለው ሰውም ቀበቶ ይሰር፤ ልጅን ጋቢና ማስቀመጥ ይቅር።

«ከፍ ብለህ ስለምትቀመጥ ሁሉን ታያለህ»

ሩቁን አያለሁ። ቅርቡን አላይም። አንድ ጠዋት ከግቢ ወደ ኋላ ልወጣ ነበር። የግራውን ስፖኪዮ አየሁ፣ የቀኙን አየሁ፣ የውስጡንም አየሁ። ማንም የለም። ማርሽ አስገብቼ ልለቅ ስል የጎረቤቴ ጩኸት ተሰማኝ። የሦስት ዓመት ልጇ ከኋላው በር ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠጠር እየለቀመ ነበር። ቁመቱ ከመስታወቱ በታች ነው። በየትኛውም መስታወት ሊታየኝ አይችልም ነበር።

በዚያው ሳምንት የኋላ ካሜራ አስገጠምኩ። ካሜራው ጭቃ ሲነካው ግን አያሳይም። ስለዚህ ሞተር ሳላስነሳ መኪናውን በእግሬ እዞራለሁ፣ ዝናብም ቢሆን። ልጆቼም አብረውኝ ይዞራሉ። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ከኋላ ማንም የለም» ሳትለኝ ቁልፉን አልነካም።