በዴቨን ኮቴጅ ተከራይቶ ስለማረፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው ዴቨን በሰሜንም በደቡብም ባሕር የሚያዋስነው፣ በመካከሉ ደግሞ ዳርትሙር የሚባል ሰፊና ዛፍ የማይበዛበት ደጋ የተዘረጋበት አውራጃ ነው። በዚህ አገር ለጥቂት ቀናት ወይም ለአንድ ሳምንት የገጠር ቤት ተከራይቶ፣ የራስን ምግብ እያበሰሉ ማረፍ የቆየ ልማድ ሲሆን ቤቱም ኮቴጅ ይባላል። እኔም ከቤተሰቤ ጋር ደጋግሜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ስሄድ እኔው ራሴ ይዣቸው የነበሩትን፣ ዛሬም ዘመድ ወዳጅ ምክር ሊጠይቀኝ ሲደውል የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዳርትሙር ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ነው፤ ፈረሶቹም የዱር ናቸው»

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ዳርትሙር 954 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ ብሔራዊ ፓርክ ማለት ሰው የማይኖርበትና መሬቱ የመንግሥት የሆነ ክልል ማለት አይደለም፤ በውስጡ መንደሮች፣ እርሻዎችና አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ትልቁም ባለርስት የዙፋን ወራሹ ይዞታ የሆነው የኮርንዎል ዱቺ ነው። ከመሬቱ ብዙው የወል ግጦሽ ስለሆነ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በግ፣ ከብትና ፈረስ የማሰማራት የቆየ መብት አላቸው። በየሜዳው የሚታዩት ድንክዬ ፈረሶች እያንዳንዳቸው ባለቤት ያላቸው ናቸው፤ በመጸው ወራት ገበሬዎቹ ከደጋው ላይ እየነዱ ሰብስበው የየራሳቸውን ይለያሉ። ለእነዚህ ፈረሶች ዳቦም ሆነ ካሮት መስጠት ክልክል ነው። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ መኪና ባየ ቁጥር ወደ መንገድ ይወጣል፣ በመኪናም ይገጫል።

እግረኛው በወል መሬቱ ላይ እንደ ልብ የመንቀሳቀስ መብቱ የተረጋገጠለት በ1985 በወጣ ሕግ ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ባለርስቶች ክስ አቅርበው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በግንቦት 2025 ማደር እንደሚቻል ወስኗል። መብቱ ግን ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ ለሚጓዝ ሰው እንጂ በመኪና መጥቶ መንገድ ዳር ድንኳን ለሚተክል ሰው አይደለም። በሰሜናዊው ክፍል ደግሞ የጦር ኃይሉ የተኩስ ልምምድ የሚያደርግባቸው ቀጠናዎች አሉ። ተኩስ በሚኖርበት ቀን በየኮረብታው ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሌሊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ይህንን አይቶ ወሰኑን ማለፍ ከሞት ጋር መጋፋት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የእኛ የብቻ ስሕተት አለ። የዳርትሙር ከፍተኛው ጫፍ ሃይ ዊልሄይስ 621 ሜትር ነው ሲባል፣ በ2400 ሜትር ላይ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ልጆቼን በስስ ሹራብ ይዤ ወጣሁ። የእኛ አስታ ዘመድ የሆነው ቁጥቋጦ ሐምራዊ አበባውን አብቦ፣ ሰማዩም ጠርቶ ነበር። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጉሙ ወርዶ የፊታችንን ቋጥኝ ሸፈነው፤ በጎቹ በቅርብ ሲያላምጡ እንሰማለን እንጂ አናያቸውም። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ወደ መንደሩ የሚወርደውን የድንጋይ ካብ በእጃችን እየዳበስን ባንመለስ ኖሮ ከካቡ ማዶ ያለው ማጥ ውስጥ መግባታችን አይቀርም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስና የዝናብ ልብስ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

«የጭቃ ቤት ደካማ ነው፤ ለዚያ ያን ያህል ኪራይ አይከፈልም»

ዴቨን ውስጥ ብዙዎቹ የድሮ ኮቴጆች በእርግጥም የጭቃ ቤቶች ናቸው። እናቴ አብራን በሄደች ጊዜ ልስኑ በተላጠበት የመስኮት ደፍ ላይ ጣቷን አስገብታ ጭዱን መዝዛ አወጣችና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የእኛው ጭቃ ነው!» ብላ ደነቃት። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በእኛ አገር ጭቃው በእንጨትና በማገር ላይ ይመረጋል፤ በዴቨን ግን እንጨት የለውም፤ ሸክላ አፈር ከጭድና ከውኃ ጋር ተቦክቶ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ድርብ በድርብ እየተከመረና እየደረቀ ይነሣል። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ከ400 ዓመት በላይ የቆሙም አሉ። አገሬው የጭቃ ቤት የሚፈልገው ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ብቻ ነው ይላል፤ ባርኔጣው ክዳኑ፣ ጫማው የድንጋይ መሠረቱ ነው፤ ከላይና ከታች ውኃ ካልገባበት አይፈርስም።

ተከራይ ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በቅርስነት ስለተመዘገቡ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ መስኮት ማስፋትም ሆነ በር ከፍ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ጉበኑ ዝቅ ያለ፣ ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ካሉ፣ መኝታና መጸዳጃ ምድር ላይ ያለው ቤት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ምድጃ ስላለው ቡና በከሰል ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ ይቻላል»

አይቻልም። ክዳኑ ከስንዴ አገዳ ወይም ከሸምበቆ የተሠራን ቤት ለማቃጠል አንድ ፍንጣሪ እሳት ብቻ ይበቃል፤ በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ አከራዮች ከቤት ውጭም ቢሆን የከሰል ጥብስን ይከለክላሉ። ከእሳቱ የሚብሰው ደግሞ ጭሱ ነው። መስኮቱ በተዘጋ፣ ግድግዳው በወፈረ ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። ቡናውን ቤት ቆልቶ ይዞ መሄድ፣ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማፍላት ነው። ሥርዓቱ አይጎድልም፤ ቄጠማ ባይኖርም በራፉ ላይ ሣሩ ሞልቷል።

ወጥ ቤቱ የራስ መሆኑ ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም ግን በደንብ አልተስተዋለም። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ትልቁ ዕረፍት ከሐምሌ ማብቂያ እስከ መስከረም መግቢያ ስለሆነ ጾመ ፍልሰታ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይወድቃል። ሆቴል ያረፈ ጿሚ የሚበላው አጥቶ ይቸገራል፤ ኮቴጅ የያዘ ግን ሽሮውንና በርበሬውን ከቤቱ ያመጣል፣ እንጀራውን በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል፣ ጎመኑንና ድንቹን ከመንደሩ ገበሬ ይገዛል።

«ጂፒኤሱ 20 ደቂቃ ካለ 20 ደቂቃ ነው»

የዴቨን የገጠር መንገዶች ከአፈርና ከድንጋይ በተከመረ ካብ ላይ ቁጥቋጦ በበቀለበት ከፍተኛ አጥር መካከል የሚሄዱ፣ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቁ ናቸው። ሕጉ በሰዓት 60 ማይል ድረስ ቢፈቅድም ከ20 በላይ መንዳት የማይታሰብባቸው ብዙ ናቸው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ለማሳለፊያ ቦታ የቀረበው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ትራክተር ከመጣ ግን ትራክተሩን ማሳለፍ አግባብ ነው። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ወደ ኋላ መንዳትን መለማመድ ይጠቅማል። በገጠር አንድ ፖስትኮድ (የአድራሻ መለያ ኮድ) ብዙ ቤቶችን ስለሚያጠቃልል አከራዩ የሚልከውን የአቅጣጫ መግለጫ በወረቀት አትሞ መያዝ ያሻል። ከሰሜኑ ዳርቻ ከኢልፍራኮም እስከ ደቡቡ ሳልኮም በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ አንድ ቤት ይዞ ሁለቱንም ባሕር በየቀኑ ለማየት ማሰብ ዕረፍቱን መንገድ ላይ መጨረስ ነው።

«ባሕሩ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም ይገኛል»

ባሕር በሌለው አገር ላደግን ሰዎች ይህ አደገኛ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በኢልፍራኮም በከፍተኛው ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ከ8 ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከሁለት ፎቅ ቤት ይበልጣል። በገደል ሥር በአሸዋው ላይ ዞሮ ወደ ቀጣዩ የባሕር ዳርቻ የሄደ ሰው ሲመለስ መንገዱን ውኃ ውጦት ያገኘዋል። በደቡብ በኩል በርግ ደሴት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፦ ባሕሩ ሲጎድል በእግር ይኬድባታል፣ ሲሞላ ግን ተሳፋሪዎችን ከማዕበሉ በላይ ተሸክሞ የሚያሻግር ረጃጅም እግር ያለው ትራክተር ያስፈልጋል። የሙላቱ ሰዓት ሠንጠረዥ በየባሕር ዳሩ ሱቅ ይገኛል። ዋና የሚዋኘው ነፍስ አዳኞች ባሉበት፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ነው፤ ሙሉ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም አይገባም። አደጋ ሲያጋጥም 999 ደውሎ የባሕር ዳር ጥበቃን መጠየቅ ነው።

«በጋ ከሆነ አይዘንብም»

ዝናብ የክረምት ጉዳይ ነው የሚለው ልማዳችን እዚህ አይሠራም። በዳርትሙር መካከል ያለችው ፕሪንስታውን በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ስታገኝ፣ የምሥራቁ ባሕር ዳር ግማሹን እንኳ አያገኝም። ደጋው ሲዘንብ በዚያው ባሕር ዳር ወዳለችው ኤክስማውዝ መውረድ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ያስገኛል።

«ከከፈልኩ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ መብቴ ነው»

በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ የተሰጠው የ14 ቀን የመመለስ መብት በተወሰነ ቀን ለተያዘ ማረፊያ አይሠራም፤ ሕጉ ራሱ ነጥሎ አስቀርቶታል። ስለዚህ የስረዛውን ውል አንብቦ መክፈል ይገባል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ኪራዩ በእጅጉ ስለሚወደድ ልጆችን ከትምህርት አስቀርቶ መሄድ የሚያዋጣ የሚመስላቸው ወላጆችም አሉ፤ ቅጣቱ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ 80 ፓውንድ ሲሆን ከ21 ቀን ካለፈ 160 ይሆናል።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቴን ያሳሳታት ይኸው ነበርና። መግቢያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ነው፣ በእኛ 10 ማለት ነው፤ መውጫው ደግሞ በእነርሱ ጠዋት 10፣ በእኛ 4 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተገለባብጠው ስለሚመጡ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ አብሮ ካለ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ መለጠፍ ይበጃል፤ የቤቱ አጽጂ በሰዓቷ ትደርሳለች፣ ቀጣዩ ቤተሰብም በዚያው ቀን ይገባል።